ሲሮጡ የታጠቁት፦ አዲስ ባለጎማ ቤት ለምን በመጀመሪያው ዓመት ጋራዥ ይገባል?

በአሜሪካና በካናዳ አውራ ጎዳናዎች ላይ በፒክአፕ መኪና የሚጎተት፣ መኝታ ክፍል፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው ረጅም ቤት ማየት የተለመደ ነው። «ፊፍዝ ዊል»፣ በቀጥታ ሲተረጎም «አምስተኛ ጎማ» የሚባለው ይህ ተሳቢ ቤት ለጡረተኞች አገር መጎብኛ፣ ለሥራ ከከተማ ከተማ ለሚዘዋወሩ ነርሶችና የግንባታ ሠራተኞች ደግሞ የኪራይ ቤት ምትክ ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ አዲሱ ከ40 ሺህ ዶላር ገደማ ተነሥቶ ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል።

ይህን ያህል ገንዘብ የከፈሉ ብዙ ባለንብረቶች ግን ተመሳሳይ ታሪክ ያወሳሉ። በመጀመሪያው ጉዞ ጣሪያው ያፈስሳል፣ የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ይወልቃል፣ ከወለሉ ሥር ያለው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ቤቱም ገና ሳይለመድ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ጋራዥ ይቆማል። በአንጻሩ ተመሳሳይ ቤት ገዝተው ለብዙ ዓመታት ያለ ከባድ ችግር የተጓዙም አሉ። ልዩነቱ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ አሠራር፣ ከፋብሪካው የሥራ ልማድና ከባለንብረቱ ጥንቃቄ የሚመነጭ ነው።

አምስተኛው ጎማ የቱ ነው?

ስሙ የመጣው ከፈረስ ጋሪ ዘመን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አራት ጎማ የነበራቸው ሠረገላዎች የፊት ጎማቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲዞር ከጎማዎቹ ዘንግ በላይ በአግድም የተጋደመ ክብ ብረት ይገጠምላቸው ነበር። ይህ ክብ ብረት «አምስተኛ ጎማ» ተባለ። ዛሬ ከባድ የጭነት መኪናን ከተሳቢው ጋር የሚያገናኘው ማያያዣም በዚሁ ስም ይጠራል። በአሜሪካ የረጅም ርቀት ጭነት የሚያመላልሱ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች ይህን ማያያዣ በየዕለቱ ያዩታል። በአውሮፕላን ሥራ ፈር ቀዳጅነቱ የሚታወቀው አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ ይህንኑ ዘዴ በመከተል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ «ኤሮካር» የተባለ ተሳቢ ቤት ለገበያ አቅርቦ ነበር።

የአሠራሩ ጥቅም በክብደት አቀማመጥ ላይ ነው። ተራ ተሳቢ ከመኪናው ኋላ ሲታሰር ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመኪናው ጫፍ ላይ ያርፋል። ፊፍዝ ዊል ግን 20 በመቶ ገደማ ክብደቱን የሚጭነው በፒክአፑ የጭነት ሳጥን ውስጥ፣ በኋላ ጎማዎቹ ዘንግ አናት ላይ ወይም ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲመታው ወይም ትልቅ መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ እንደ ጅራት አይወዛወዝም።

ሆኖም ይኸው ጥቅም የራሱን ድካም ይዞ ይመጣል። መኝታ ክፍሉ ያለበት የፊተኛው ክፍል ከታች ድጋፍ ሳይኖረው ወደ ፊት ተንጠልጥሎ የወጣ ነው። መንገዱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከማያያዣው የሚመጣው ጉልበት ይህንን ክፍል ወደ ላይና ወደ ታች ያጥፈዋል። ብየዳው ደካማ ከሆነ ወይም የሻንሲው ብረት ከቀጠነ ከጊዜ በኋላ ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም ከሻንሲው ይላቀቃል። ባለንብረቶች እጅግ የሚፈሩት ብልሽት ይህ ነው፤ ጥገናው ግድግዳውን መግፈፍና ብረቱን እንደገና መበየድ ስለሚጠይቅ ወጪው ከባድ ነው።

ቤትም ተሽከርካሪም መሆን

በመሬት ላይ የተሠራ ቤት አይንቀሳቀስም። ተሽከርካሪ ደግሞ ይንቀሳቀሳል እንጂ የውኃ ቧንቧ፣ የጋዝ ምድጃ፣ መጸዳጃና የልብስ ሣጥን አይሸከምም። ፊፍዝ ዊል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን ይጠበቅበታል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየተጎተተ ሳለ እያንዳንዱ ብሎን፣ እያንዳንዱ የቧንቧ መገጣጠሚያ ለሰዓታት ይርገበገባል። አምራቹ ብረቱንና እንጨቱን አወፍራለሁ ቢል ቤቱ ይከብዳል፤ ከከበደም ተራ ፒክአፕ ሊጎትተው አይችልም። ስለዚህ ቀጭን ኮምፔንሳቶ፣ ቀላል አልሙኒየምና ማጣበቂያ በብዛት ይገባሉ። ቆመው ሲያዩት የሚያምረው ቤት በመንገድ ላይ የሚፈተነው በእነዚህ ቀላል ቁሶች ነው።

ከጎን እየተገፉ የሚወጡት ክፍሎች ሌላው የችግር ምንጭ ናቸው። ቤቱ ሲቆም በሞተር ወደ ውጭ ተገፍተው ሳሎኑን ያሰፋሉ፤ ሲጓዝ ይሰበሰባሉ። ለእነርሱ ሲባል ግን በቤቱ ግድግዳ ላይ ሰፊ ክፍት ይቆረጣል። በዚህም የግድግዳው ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ዝናብና አቧራን የሚከለክለውም በክፍቱ ዙሪያ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ብቻ ይሆናል።

የኤልክሃርት ሩጫ

በአሜሪካ የሚሠሩት ባለጎማ ቤቶች አብዛኞቹ የሚመረቱት በአንድ አካባቢ፣ በሰሜን ኢንዲያና በሚገኘው የኤልክሃርት አውራጃና በዙሪያው ነው። የአካባቢው ኑሮ ከዚህ ኢንዱስትሪ ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ የኢኮኖሚ ቀውሱ ሲበረታ በዚያ የሥራ አጡ ቁጥር ወደ 20 በመቶ ተጠግቶ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሆቴልና አውሮፕላን የሸሸው ሕዝብ ወደ ባለጎማ ቤት ዞረ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከፋብሪካ የወጡት ከ600 ሺህ አልፈው ታሪካዊ ክብረ ወሰን ያዙ። በ2023 ግን ቁጥሩ ወደ 313 ሺህ አሽቆለቆለ።

እንዲህ የሚዋዥቅ ገበያ በጥራት ላይ ጠባሳ ይተዋል። ፍላጎት ሲጨምር አዳዲስ ሠራተኞች በጥድፊያ ይቀጠራሉ፣ የጠፋ ዕቃ በሌላ ይተካል። በብዙ ፋብሪካዎች ደግሞ ክፍያው በሰዓት ሳይሆን ቡድኑ በጨረሰው የቤት ቁጥር ነው፤ የቀኑን ድርሻ የጨረሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ዘዴ ታታሪውን ይሸልማል፤ ነገር ግን ያልጠበቀ ብሎን ለማጥበቅ ወይም የተዛባ ማሸጊያ ለማስተካከል መስመሩን የሚያቆም ሠራተኛ የራሱንም የጓደኞቹንም ገቢ ይነካል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሳምንት ከተሠሩ ሁለት ቤቶች አንደኛው እንከን የለሽ፣ ሌላው የእንከን ስብስብ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዋነኛው ጠላት ውኃ ነው

ልምድ ያላቸው ባለንብረቶች ስለ ሞተርና ስለ ኤሌክትሪክ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ጣሪያው ይጠይቃሉ። ጣሪያው ብዙ ጊዜ በቀጭን የላስቲክ ሽፋን የተለበጠ ነው። በላዩ ላይ የአየር ማቀዝቀዣው፣ የመብራት መስኮቱና የአየር መውጫ ቧንቧዎቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያውን በማሸጊያ ተደፍኗል። ፀሐይና ብርድ ይህን ማሸጊያ ያደርቁታል፣ ንቅናቄው ይሰነጥቀዋል። እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ የገባ ውኃ በግድግዳው ውስጥ እየተሳበ ከገባበት ርቆ ይወጣል።

የብዙ ቤቶች ግድግዳ ፋይበርግላስ፣ ቀጭን ኮምፔንሳቶና ፎም በማጣበቂያ ተለጥፈው የተሠራ ነው። ኮምፔንሳቶው ከረጠበ ማጣበቂያው ይለቃል፤ ከውጭ ሲታይ ግድግዳው እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይነፋል። ያ እብጠት ከታየ በኋላ መመለሻው አስቸጋሪ ነው። አምራቾች በየመመሪያቸው ማሸጊያው በየጥቂት ወራት እንዲፈተሽ ያዝዛሉ፤ ፍተሻው አለመደረጉ ከታወቀም የዋስትና ጥያቄውን ውድቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ማሸጊያ በጊዜው ቢቀባ ብዙ ሺህ ዶላር ያድናል።

ሚዛን፣ ጎማና ኩሽኔታ

ሁሉም ብልሽት የፋብሪካ ጥፋት አይደለም። ሙሉ ጭነቱ 14,000 ፓውንድ ወይም 6,350 ኪሎ ግራም የሆነ ቤት በፒክአፑ ላይ የሚጭነው 20 በመቶ ማለትም 2,800 ፓውንድ ገደማ ነው። የመኪናው በር ላይ የተለጠፈው ምልክት የመሸከም አቅሙ 2,500 ፓውንድ ነው የሚል ከሆነ ቤተሰቡ ገና ሳይሳፈር አቅሙ አልፏል። ሻጩ «ይህ መኪና ይጎትተዋል» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ መጎተትና መሸከም ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቤቱም የራሱ ገደብ አለው። 230 ሊትር ውኃ ብቻውን 230 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ምግብ፣ ልብስና መሣሪያ ሲታከሉ ገደቡ ሳይታወቅ ይታለፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጭነት መኪናዎች በሚያርፉባቸው ጣቢያዎች በሚገኘው የመኪና ሚዛን ላይ ሙሉ ዕቃ ጭኖ መመዘን ነው።

ጭነት የበዛበት ጎማ ይሞቃል፤ የሞቀ ጎማ ይፈነዳል። ተሳቢ ሲፈነዳበት ፍንጣሪው የወለሉን ሥር፣ የጋዝና የውኃ ቧንቧውን ሊቆርጥ ይችላል። ተቀራርበው የተተከሉት ጎማዎች በጠባብ መዞሪያ ላይ ወደ ጎን ስለሚፋተጉ ከተራ መኪና ጎማ ይልቅ ይጎዳሉ። የጎማ ዕድሜ በጎኑ ላይ ካለው አራት አኃዝ ይነበባል፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ስለሚደክም ከአምስትና ከስድስት ዓመት በላይ የቆየን ጎማ ማመን አይገባም። ኩሽኔታዎቹም በየዓመቱ ታይተው ግራሶ ሊታደስላቸው፣ የጎማ ዳዶዎችም በአዲስ ቤት የመጀመሪያ 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደጋግመው ሊጠብቁ ይገባል።

ሕጉ የት ድረስ ይጠብቃል?

የባለጎማ ቤቶች የጋዝ፣ የእሳትና የቧንቧ ደኅንነት ኤንኤፍፒኤ 1192 በተባለው መመዘኛ ይመራል። ይህ መመዘኛ ሕይወትን ከአደጋ ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ የቁም ሣጥኑ መዝጊያ በቀጥታ ስለ መገጠሙ ወይም ጣሪያው ስንት ዓመት ስለ መቆየቱ ዋስ አይሆንም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ለደኅንነት የሚያሰጉ ጉድለቶች ሲገኙ ቤቶቹ በነጻ እንዲጠገኑ ጥሪ ይወጣል፤ ማንኛውም ሰው በተሽከርካሪው መለያ ቁጥር በአስተዳደሩ ድረ ገጽ መፈለግ ይችላል።

አዲስ መኪና በተደጋጋሚ ሲበላሽ ገዢውን የሚክሱት የየግዛቱ ሕጎች በብዙ ግዛቶች ተሳቢ ቤቶችን አይጨምሩም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ ግን በመላ አገሪቱ በጽሑፍ የተሰጠ ዋስትና እንዲከበር ያስገድዳል። ዋስትናው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ቤቱን መኖሪያቸው ለሚያደርጉት ደግሞ ከባድ ወጥመድ አለ፤ አንዳንድ ዋስትናዎች ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበትን ሰው አይሸፍኑም። ብድሩ ከ10 እስከ 20 ዓመት ሲዘልቅ የቤቱ ዋጋ ግን ከሻጩ ግቢ በወጣበት ቀን መውረድ ይጀምራል። ቤቱ ጋራዥ ቢቆምም የወሩ ክፍያ አይቆምም።

ከመፈረም በፊት

ልምድ ያላቸው ባለንብረቶች የሚሰጡት ምክር ተመሳሳይ ነው። ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ከመከፈሉ በፊት ቤቱ ከውኃ፣ ከጋዝና ከኤሌክትሪክ ጋር ተገናኝቶ ለብዙ ሰዓታት ይፈተሽ። ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው ባለሙያ ጣሪያው ላይ ይውጣ፣ ከወለሉ ሥር ይግባ። የፊተኛው ድጋፍ እግር ከፍና ዝቅ ሲደረግ ግድግዳውና ሻንሲው ተለያይተው ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ይታይ። የተገኘው ጉድለት በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ተጠግኖ ሳይታይ ፊርማ አይኑር። የመጀመሪያው ጉዞም ከሻጩ ሳይርቁ፣ በቅርብ የሁለት ሦስት ቀን ሙከራ ቢሆን ብዙ ጉድለት በጊዜው ይጋለጣል። ጥገና ሲጠየቅ ቀኑና ፎቶግራፉ መያዝ አለበት፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃው እርሱ ነው።

ከሁለትና ከሦስት ዓመት በላይ ያገለገለ፣ በደረቅ ስፍራ የቆመና የጥገና መዝገብ ያለው ቤት አንዳንድ ጊዜ ከአዲሱ የተሻለ ምርጫ ይሆናል፤ የፋብሪካው ጉድለት በቀድሞው ባለቤት ጊዜ ወጥቶ ተስተካክሏል፣ ዋጋውም ወርዷል። ቁጠባውን በሙሉ በባለጎማ ቤት ላይ ለሚያውል ቤተሰብ ከውብ ሶፋውና ከሰፊው ቴሌቪዥን ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ማንም የማያየው ክፍል ነው፤ የጣሪያው ማሸጊያ፣ የሻንሲው ብየዳና የጎማው ዕድሜ።