የጋራ ማዕድ በዱባይ ተራ

ዱባይ ተራ፥ ስሙ እንደሚያመለክተው፥ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ሸቀጥ የታወቀ የመርካቶ ክፍል ነው። በዚህ ተራ የሚነግድ ሰው ቁርሱን በጥድፊያ ቀምሶ ይወጣል፤ ምሳውንም ደንበኛ በመጣ ቁጥር እጁን እየጠረገ ከምሳ ዕቃ ይበላል። ስለዚህ ቤተሰቡ በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚገናኘው ማታ ብቻ ነው። ይህች አንዲት ማዕድ አስደሳችና ለጤና ተስማሚ የምትሆንበትን መንገድ ለአንባብያን ጥቂት ለማስረዳት እወዳለሁ።

በቀድሞው ልማድ ታላላቆች ሲበሉ ልጆች ቆመው ያሳልፉ፥ መብራትም ይይዙ ነበር። ዛሬ በከተማችን ልጆች ከአባትና ከእናታቸው ጋር ወደ አንድ ትሪ ይቀርባሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ትሪ ማለት እኩል ድርሻ ማለት አይደለም። ትልቅ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀልለውን ሕፃን በአራት ጊዜ አያነሣውም። ወጡም የሚወጣው በመካከል ስለ ሆነ፥ እጁ አጭር የሆነው ልጅ ዳር ዳሩን እንጀራ ሲቆርስ ይቆያል፤ ሆዱ ይሞላል፥ ገንቢው ምግብ ግን አልደረሰውም። እናትም እንጀራ ስትጨምር ወጥ ስትደግም የምትቀመጠው ትሪው ከሳሳ በኋላ ነው፤ ይህን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ፥ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ መሆናቸውን አሳይቷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነትም በሽታም አለበት። ሆኖም የምግቡ ዓይነት ማነስ አንዱ ነውና፥ የሕፃኑ ድርሻ በትንሽ ሳሕን ተለይቶ ከትሪው አጠገብ ቢቀመጥለት ይበጃል። እንዲህ ሲሆን ከጨዋታው አይለይም፤ ጉርሻውም አይቀርበትም።

ሌላው ችግር ሰዓቱ ነው። አባት ሱቅ ዘግቶ ሒሳብ አመሳክሮ እስኪገባ፥ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የተጠበቀ እንደ ሆነ፥ ሕፃናቱ ወይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ወይ በብስኩት ይጠግባሉ። ለእነርሱ ራት ቀደም ብሎ ተሰጥቷቸው፥ አባታቸው ሲመጣ አንድ ሁለት ጉርሻ ለመቀበል ቢቀርቡ ይሻላል። እጅ ግን ሁሉም በሳሙና ይታጠብ፤ ቀኑን ሙሉ ብር ሲቆጥር የዋለ እጅ በውኃ ብቻ አይጠራም።

ስለ ምግቡ ዓይነት ብዙ አልልም። የጾም በያይነቱ፥ ምስሩ፥ ሽሮው፥ ጎመኑና ቀይ ሥሩ በአንድነት ሲቀርብ ለሰውነት የሚስማማ ነው። ደግሞም ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ለሆኑበት ሰፈራችን ይመቻል፤ የሥጋው ነገር ስለማይነሣ ድንገት የመጣ እንግዳ ያለ ሐሳብ ይቀርባል።

ማዕዱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ወጡ ሳይሆን ወሬው ነው። ያልተከፈለ ዱቤና የፈተና ውጤት በትሪ ላይ ከተነሡ፥ አንዱ ያኮርፋል፥ ሌላው ሳይጠግብ እጁን ይሰበስባል። ስልክም እንዲሁ ነው።

በመጨረሻ የቡናው ነገር አለ። ቡናና ሻይ በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስደው ስለሚያግዱ፥ ከራት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ መልካም ነው። ቡናው እስኪቆላ፥ እስኪወቀጥና እስኪፈላ ከተጠበቀ ግን ሰዓቱ ሳይታወቅ ያልፋል።