ከወንበር ጀርባ ያለው ቤንዚን

ቆሰበር የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና ሰንጥቋት ያልፋል፤ በቻግኒ አድርጎ ወደ መተከል ቆላ የሚወርደው መንገድም ከዚሁ ይገነጠላል። ድንቹንና ከሰሉን በብዛት የሚያነሳው አይሱዙ ነው፤ ለአይሱዙ የሚያንሰው ጭነት ግን የፒክአፕ ድርሻ ነው፤ ማዳበሪያው፣ የመስኖ ሞተሩ፣ ለሞተሩ የሚሆነው ቤንዚን። ፒክአፑ ብዙ ጊዜ ከሾፌሩ ረዳት በዕድሜ ይበልጣል። ቶሎ የሚተካም አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መንግሥት ከልክሏል። አሮጌው ፒክአፕ ገና ብዙ ዓመት አብሮን የሚኖር ከሆነ፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ጎማው የምንጠይቀውን ያህል ነዳጁ የት እንደተቀመጠም መጠየቅ ይገባናል። የመኪና ፋብሪካዎች የነዳጅ ታንክን ቦታ የተማሩት ብዙ ሰው ከተቃጠለ በኋላ ነው። እኛ ደግሞ እነሱ የተዉዋቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ በጀሪካን መልሰን እየሞላናቸው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤንዚኑ ጠባይ ነው። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። ይሁንና ትነቱ የሚነደው ከአየር ጋር በልኩ ሲቀላቀል ብቻ ነው። ከ1.4 በመቶ ገደማ ካነሰ ይሳሳል፤ ከ7.6 በመቶ ገደማ ካለፈ ኦክስጅን ያጥረዋል። በተዘጋ ታንክ ውስጥ ከቤንዚኑ በላይ ያለው ክፍት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ወሰን ያለፈ ትነት የታጨቀበት ስለሆነ፣ ፊልም ላይ እንደሚታየው ሳልባትዮው እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አይፈነዳም። ችግሩ የሚመጣው ታንኩ ሲቀደድ፣ ቱቦው ሲነቀል ወይም ክዳኑ ሲወልቅ ነው። ያን ጊዜ ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ የሚከብደው ትነት መሬት ለመሬት ይሳባል፤ የጋለ ማርሚታ ወይም ልባሱ የተላጠ የባትሪ ሽቦ ካገኘ በቃው። ስለዚህ የታንክ ቦታ ሲመዘን የሚታየው ይህ ነው፤ ሲጋጭ ምን ይጨፈልቀዋል፣ አጠገቡ የሚያቀጣጥለው ምን አለ፣ ሰውስ ምን ያህል ይቀርበዋል።

የቀድሞ ንድፍ አውጪዎች ሌላ ሚዛን ነበራቸው፤ ቦታ መቆጠብ። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ይሽከረከር የነበረው አጭሩ ላንድሮቨር ቤንዚኑን የያዘው ከፊት ወንበር ሥር ነው። የባለ 40 ተከታታዩ ላንድክሩዘር ታንክም በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደ ኋላ እስኪዛወር ድረስ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የማይጠፋው ቮልስ ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ በሾፌሩ ጉልበት ፊት ለፊት ይይዛል። የአሜሪካው ሸቭሮሌት ፒክአፕ ደግሞ እስከ 1972 ድረስ ታንኩን ካቢና ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ አቁሞት ነበር። እውነት ለመናገር የዚህ ቦታ ክፋት ከግጭቱ ይልቅ ከፍሳሹ ነው፤ ብረቱ አካባቢው ላይ ጠንካራ ነው፣ ግን ያፈተለከው ሁሉ የሚፈሰው ሰው እግር ሥር ነው።

ኩባንያው ይህን ለማረም ሲነሳ በሌላ በኩል ተሳሳተ። ከ1973 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ፒክአፖች ላይ የሸቭሮሌት ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ታንኩን ከካቢና አውጥቶ በጎን፣ ከሻንሲው ዋና ብረት ውጭ አንጠለጠለው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በግራና በቀኝ 75፣ 75 ሊትር፣ በድምሩ 150 ሊትር ያህል መያዝ ይቻላል። ከጎን በሚመጣ መኪናና በቤንዚኑ መካከል ግን የቀረው ስስ ላሜራ ብቻ ሆነ፤ ታንኩ በመጪው መኪናና በራሱ ሻንሲ መሃል ይጨፈለቃል። በ1993 የአትላንታ ፍርድ ቤት ዳኞች በእንዲህ ያለ ፒክአፕ ውስጥ ስለሞተ ወጣት ኩባንያው 105 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑ፤ በዓመቱ ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን ሻረው። በ1994 የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስትር ፌዴሪኮ ፔኛ በጎን ግጭት ቃጠሎ 150 ገደማ ሰዎች መሞታቸውን ገልጸው መኪኖቹ ጉድለት አለባቸው የሚል የመጀመሪያ ውሳኔ ሰጡ። መጨረሻው ስምምነት ሆነ፤ ኩባንያው ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለደህንነት ሥራዎች ሊያወጣ ተስማማ፣ መኪኖቹ ግን አልተጠሩም። ከ1988 ጀምሮ የወጣው አዲሱ ሞዴል ታንኩን በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መሃል አስገባ። ከፍርድ ቤቱ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ዝውውር ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ አሳፋሪ ምዕራፍ አለ፤ ተቃዋሚዎችም ደጋግመው ያነሱታል። ኤንቢሲ ቴሌቪዥን በኅዳር 1992 እ.ኤ.አ. ፒክአፑ በግጭት ሲነድ አሳየ፤ በኋላ ግን ከመኪናው ሥር ማቀጣጠያ እንደተጠመደ ታወቀና በየካቲት 1993 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ታዲያ ጉዳዩ በሙሉ ፈጠራ ነበር ማለት ነው? አይደለም። የተጭበረበረው አንድ ቀረጻ ነው፤ የሞቱት ሰዎች ቁጥር የመጣው ከመንገድ አደጋ መዝገብ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የተሻለ ክብደት አለው፤ ፍጹም ቦታ የለም የሚለው። ከኋላ አክስሉ በስተኋላ ማድረግም ከንቱ ነው፤ ፎርድ ኩባንያ በዚሁ ምክንያት በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል የፒንቶ ዓይነት መኪና ጠርቶ ለማስተካከል ተገዷል። ከፊት ቢሆን የፊት ግጭት ይበዛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ቦታዎቹ እኩል መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ግጭት በአብዛኛው የመኪናውን ዳር ነው የሚያደቀው፤ መሃሉ፣ በሻንሲ ብረቶች መካከልና ከኋላ አክስሉ ፊት ያለው ቦታ፣ በመጨረሻ የሚደርስበት ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ሂሉክሶች ታንክ የሚገኘውም እዚያው፣ ከካሶኒው ሥር ነው። ከዚህ አንጻር የእኛ አሮጌ ሂሉክስ ከፋብሪካ ሲወጣ መጥፎ መኪና አልነበረም።

መጥፎ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሚጨመርበት ነው። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ፣ ወይም ወደ ቆላ የሚወርደው ሰው በመንገዱ ላይ እንደማያገኝ ሲያውቅ፣ ቢጫው ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይወጣል። ካቢና ውስጥ ከወንበር ጀርባ ከተሸጎጠ እስከ 1972 የነበረው ሸቭሮሌት ነው። ከካሶኒው ውጭ በጎን በገመድ ከታሰረ የ1973ቱ ነው። ከኋላ በሩ ሥር ከተደረደረ ፒንቶ ሆነ። ልዩነቱ የእነዚያ መኪኖች ታንኮች ብረት መሆናቸው ነው፤ ይህኛው ምግብ ዘይት እንዲይዝ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ እሳት ሲነካው ይቀልጣል። በዘመናዊ መኪኖች ላይም የፕላስቲክ ታንክ አለ የሚል ይኖራል፤ አለ፣ ግን እሱ ወፍራምና ብዙ ንብርብር ያለው፣ በእሳትና በግጭት የተፈተነ ነው።

«የእኔ ናፍጣ ነው፣ ናፍጣ አይነድም» የሚለው መልስም ግማሽ እውነት ነው። ናፍጣ በባሕር ወለል ከፍታ 55 ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ ለክብሪት የሚበቃ ትነት አይሰጥም። ቆሰበር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፤ በዚህ ግፊት ያ ነጥብ ስድስት ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ትልቁ ነገር ግን ከፍታው አይደለም። ከተቀደደ ቱቦ በጭጋግ መልክ የተረጨ ናፍጣ እንደ ቤንዚን ነው የሚይዘው፤ ያለ ብልጭታ በሙቀት ብቻ የሚቀጣጠልበት ነጥብማ ከቤንዚንም ያነሰ ነው። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሳው በዚሁ ጠባዩ ነው።

ሌላ አጋጣሚ ጋራዥ ውስጥ ይጠብቃል። የዛገ ሳልባትዮ ሲያፈስ ወርዶ፣ ቤንዚኑ ተገልብጦ፣ ለበያጅ ይሰጣል፤ ባዶ ነው ተብሎ። ስሌቱን እንመልከተው። 60 ሊትር የሚይዝ ታንክ ውስጥ ያለው አየር እንዲነድ 1.4 በመቶ ትነት፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ያነሰ ትነት ይበቃል። ይህ ወደ ፈሳሽ ሲመለስ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን ነው። ተገልብጦ ከተንጠፈጠፈ ታንክ ጥግ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይቀርበት ጊዜ የለም። ሙሉው ታንክ ትነቱ ስለበዛ የማይፈነዳውን ያህል፣ ባዶው ትነቱ ልክ ስለሆነ ይፈነዳል። ብየዳ ከማስነካት በፊት በውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያም በውሃ ሞልቶ የሚበየደውን ቦታ ብቻ ከውሃው በላይ ማስቀረት የቆየ ዘዴ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ታንኩን መቀየር ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገበሬው ነው፤ የመስኖ ሞተሩ ማሳው ላይ ነው ያለው፣ ማደያው ከተማ ነው፣ ታዲያ ነዳጁ በምን ይሂድ? ትክክል ነው፤ አትያዙ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ይዞ መሄድ ግድ ከሆነ ግን የብረት ጀሪካን ይሻላል፤ ካሶኒው ውስጥ፣ ከካቢናው ግድግዳ ጋር መሃል ላይ ተጠግቶ፣ እንዳይንሸራተት የፊጥኝ ታስሮ። ካቢና ውስጥ በፍጹም። ሲሞላም ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ጎማ ወይም ፕላስቲክ በተነጠፈበት ካሶኒ ላይ እንዳለ ከተሞላ፣ ቤንዚኑ ሲወርድ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል ወደ መሬት መውረጃ ያጣል፤ በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የተነሱ ቃጠሎዎች ማስጠንቀቂያ አስወጥተዋል። ደግሞም እስከ አፉ አይሞላ። በቆሰበር ጠዋት ብርድ በ8 ዲግሪ የተቀዳ 20 ሊትር ቤንዚን መተከል ቆላ ላይ 38 ዲግሪ ሲደርስ ግማሽ ሊትር ያህል ይሰፋል። ጀርመኖች በ1930ዎቹ የነደፉት የብረት ጀሪካን ከላይ በኩል የማይሞላ የአየር ኪስ የተተወለት ለዚህ ነው። የዘይቱ ጀሪካን ግን እስከ ክዳኑ ይሞላል፤ መጠኑን መተው ያለበት ቀጂው ራሱ ነው፤ ከአንገቱ በታች አራት ጣት።