አብሮ መብላት የሚከብደው ሰው

ማዕድ ቀርቦ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ከምግቡ ይልቅ ድምፁ የሚፈትነው ሰው አለ። አጠገቡ ያለው ሰው ሲያኝክ፣ ሻይ ፉት ሲል፣ አፍንጫውን ሲስብ ወይም ጉሮሮውን ሲጠርግ ልቡ ይመታል፣ ሰውነቱ ይወጠራል፣ ቁጣ ወይም መጸየፍ ይወረዋል። ድምፁ ከፍ ያለ አይደለም፤ ሌላው ልብም አይለውም። ይህ ሁኔታ ሚሶፎኒያ ይባላል። ስሙን በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ማርጋሬትና ፓቬል ጃስትሬቦፍ የተባሉ የመስማት ችግር ተመራማሪዎች ናቸው።

ከአንድ ትሪ በሚበላበት፣ ጉርሻ የፍቅር ምልክት በሆነበት አገር ይህ ችግር ድርብ ነው። በምግብ መሀል ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ኩሩ ወይም ነጭናጫ ይባላል። እሱም ራሱን «ምን ዓይነት ክፉ ሰው ሆንኩ?» እያለ ይወቅሳል። ብዙዎቹ የሚናደዱት ደግሞ በሚወዱት ሰው፣ በእናት፣ በወንድም ወይም በትዳር ጓደኛ ድምፅ ስለሆነ ጸጸቱ ይከብዳል።

ሚሶፎኒያን ከሚመስሉት ሁለት ነገሮች መለየት ይበጃል። የመጀመሪያው ተራው ድምፅ ሁሉ ከልክ በላይ ጮኾ የሚሰማበትና ጆሮን የሚያሳምምበት የመስማት ችግር ነው። ሁለተኛው ጦርነት ያየ ሰው በር ሲላተም ወይም አውሮፕላን ሲያልፍ የሚደርስበት ድንጋጤ ነው፤ እዚያ ዋናው ስሜት ፍርሃት ነው። በሚሶፎኒያ ግን ቀስቃሹ የተለየ፣ ዝቅ ያለና የሚደጋገም ድምፅ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከሰው አፍና አፍንጫ ይወጣል፤ ዋናው ስሜትም ቁጣና መጸየፍ ነው። አንድ ሰው ከእነዚህ ችግሮች ከአንድ በላይ ሊኖረው ይችላል።

ይህ ልዩነት ብዙ ከሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አንዱ የምሥራቅ ሱዳን ድንበር ነው። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ጦርነት ምክንያት ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ተከዜን ተሻግረው በሐምዳይት በኩል፣ ሌሎቹም በሌሎች መግቢያዎች ሱዳን ገቡ። በ1977 ዓ.ም. የረሃብ ስደተኞችን ያስተናገደው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ ቀጥሎም ቱነይድባ ተቋቋመ፤ ሁለቱም በገዳሪፍ ክልል ናቸው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት የራሷን የሱዳንን ተፈናቃዮች ወደ ገዳሪፍ አጉርፎ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ከዚህ ቀደምም በአረምና በአጨዳ ወቅት በመተማና በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞች በጋራ መኝታ ያድሩ ነበር።

በሰብዓዊ ርዳታ ሥራ የሚታወቀው የስፊር መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ወለል ይላል። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ 17.5 ካሬ ሜትር አገኘ ማለት ነው፤ መብያውም መኝታውም እዚያው ነው። በሰፊ ቤት «ሌላ ክፍል ሂድ» የሚለው ምክር ይሠራል፤ እዚህ ግን መሄጃ የለም። የሸራ ግድግዳም የጎረቤትን ሳል አያስቀርም።

የተመራማሪዎች ግኝት ሚሶፎኒያ የጠባይ ጉድለት እንዳልሆነ ያሳያል። በ2017 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት፣ ቀስቃሹ ድምፅ ሲሰማ በችግሩ የተያዙት ሰዎች አንጎል ውስጥ ትኩረትንና ስሜትን የሚያገናኘው ክፍል ከሌሎቹ በበለጠ እንደሚነሣሣ አሳየ። በ2022 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎች በአንድ ትርጓሜ ተስማሙ። በዓመቱ የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 772 ሰዎችን ጠይቆ፣ 18.4 በመቶው ጫና የሚያሳድር የሚሶፎኒያ ምልክት እንዳላቸው ገመተ፤ ስሙን የሚያውቁት ግን ጥቂት ነበሩ። ችግሩ እስካሁን በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ አልገባም።

የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ክፍተት ነው። በአሜሪካ የሚገኙት ሚሶፎኒያ አሶሲዬሽንና ሶኳየት በችግሩ ለተያዙ ሰዎች የቆሙ ናቸው። ሰዎችን ያገናኛሉ፣ ለቤተሰብና ለመምህራን ማብራሪያ ያዘጋጃሉ፣ ለምርምር ይሟገታሉ። ሕክምናውንም በሚመለከት ተስፋ አለ፤ በአምስተርዳም በ54 ሰዎች ላይ በተደረገና በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ፣ አስተሳሰብንና ልማድን በሚያርም የቡድን ሕክምና ካለፉት 37 በመቶው ጉልህ መሻሻል ሲያሳዩ፣ ተራ ከሚጠብቁት ግን አንድም አልነበረም።

በገዳሪፍ ዙሪያ ለዚህ ሥራ መሠረቱ አስቀድሞ ተጥሏል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችን ጨምሮ በካምፖቹ የሠሩ ድርጅቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሲሰጡ ቆይተዋል። የርዳታ ድርጅቶች በ2007 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት መመሪያ ሥነ ልቡናዊ ድጋፍን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፦ ደኅንነትና መሠረታዊ አገልግሎት፣ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ፣ በሠለጠነ የማኅበረሰብ ሠራተኛ የሚሰጥ ድጋፍ፣ በመጨረሻም የባለሙያ ሕክምና። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያም በጦርነትና በስደት ጊዜ የሚታዩትን ዋና ዋና ሕመሞች ይዘረዝራል፤ ሚሶፎኒያን በስም አይጠቅስም፤ «ሌሎች የአእምሮ ጤና ቅሬታዎች» የሚል ክፍል ግን አለው።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ የመጣች እናት «ልጄ ምግብ ላይ ይቆጣል፣ ከትሪው ይሸሻል» ስትል፣ ሠራተኛዋ ጥቂት ጥያቄ ብትጨምር ይበቃል። የትኛው ድምፅ ነው? ሲሰማው ይፈራል ወይስ ይናደዳል? ጦርነት ካየ በኋላ ነው ወይስ ከዚያ በፊት ጀምሮ? መልሶቹ መንገዱን ይለያሉ። በጦርነት የተደናገጠ ልጅ ሌላ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ጆሮውን የሚያመው ልጅ ደግሞ ጆሮው መታየት አለበት።

ሚሶፎኒያ ከሆነ ከአራቱ የድጋፍ ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ይሠራሉ። ቤተሰቡ ልጁ ሆነ ብሎ እንደማይንቃቸው ይነገረዋል። ሲበላ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሬዲዮ ዝቅ ብሎ ይከፈታል፤ ሲጨነቅ ጥቂት ወጥቶ እንዲመለስ አስቀድሞ ይፈቀድለታል። ጆሮን ቀኑን ሙሉ መድፈን ግን አይመከርም፤ ጆሮ ዝምታን ሲለምድ ለድምፅ ያለው ስሜት ሊብስ ይችላል። ቁጣው ወደ ድብደባ ወይም ራስን ወደ መጉዳት ካዘነበለ ጉዳዩ ለባለሙያ ይተላለፋል።

የሚሟገቱ ድርጅቶች ሊጠይቁት የሚገባው ነገር ይኸው ነው፤ ለማኅበረሰብ ሠራተኞች በሚሰጠው ሥልጠና ላይ በትግርኛ፣ በአማርኛና በዓረብኛ አንድ ገጽ ማብራሪያ ይጨመር፤ በሕፃናት መዋያና በመማሪያ ክፍል አንድ ጸጥ ያለ ጥግ ይለይ፤ ፈተና ላይ ለሚቸገር ተማሪ ከሌሎች ራቅ ያለ ወንበር ይሰጠው። አዲስ ክሊኒክ አያስፈልገውም፤ በካምፕ ያለ የጤና ሠራተኛ ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል።