ቡሬ ላይ ቢታደር ምን ይገኛል?

በጎጃም መስመር የሚመላለስ ነጋዴ ቡሬን በበርበሬዋና በበቆሎዋ ያውቃታል። ጭነቱን ጭኖ፣ ምሳውን በልቶ፣ ጎማውን አስነፍቶ ይወጣል። አዳሩ ወይ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ወይ ባሕር ዳር። ወደ ጎንደርና ላሊበላ ያመራ የነበረው አገር ጎብኚም ለዓመታት ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የምግብ ዘይት ፋብሪካ ብታስመርቅም፣ ለመንገደኛው ግን አሁንም የምሳ ከተማ ናት። በጉዞ ገበያ ደግሞ ገንዘብ የሚተወው ያለፈ ሳይሆን ያደረ ነው።

መንገዱ ግን አይቶ ለማለፍ የሚያሳሳ ነው። ከጎሃ ጽዮን የሚጀምረው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና በጃፓን ዕርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በተመረቀው ድልድይ ዓባይን ያሻግራል። ከደጀንና ከደብረ ማርቆስ ቀጥሎ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳና ቡሬ ይከታተላሉ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከቡሬ አንዱ መንገድ ወደ ነቀምት ይታጠፋል። ዋናው በጥሊሊ በኩል ደጋውን ይዞ ወደ እንጅባራ ይወጣል። እንጅባራ ሊደረስ ሲል በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው፣ ዙሪያው ዛፍ የሆነውና ከ160 ሜትር በላይ የሚጠልቀው የዘንገና ሐይቅ ይገኛል።

ታሪክ ለሚፈልግም ሸቀጡ አልጎደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከተከሉ በኋላ ወደ ዋና ከተማቸው የተመለሱት በዚሁ በጎጃም በኩል ነው። ጣልያን በዚያው ዓመት የካቲት ማብቂያ ላይ ቡሬን ለቅቆ ወጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ማንኩሳ ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ የሚነሣባት ከተማ ናት። ስሟን ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው፤ ስም ብቻውን ግን ደንበኛ አያቆምም።

ድንኳን እንዴት ገንዘብ እንደሚሆን ለማየት የደባርቅን ልምድ መመልከት ይበቃል። በደህናው ጊዜ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ በሳንቃ በርና በጨነቅ ድንኳን ተክሎ ያድር ነበር። ለአንድ ጉዞ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት፣ መንገድ መሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ ከነነጂው ይቀጥራል። ገንዘቡ በአንድ ሆቴል ካዝና አይቀርም፤ በብዙ እጅ ይከፋፈላል።

በቡሬና በእንጅባራ መካከል ለተመሳሳይ ሥራ የሚያስፈልገው የታጠረ ሜዳ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ መኪና ማቆሚያና የሌሊት ጥበቃ ነው። ለዶሮው፣ ለእንቁላሉና ለማሩ ገበሬው ቅርብ ነው። አዊ በፈረሰኞቹ የታወቀ አገር በመሆኑ፣ እንግዳን በፈረስ ማዞር ራሱን የቻለ ንግድ ይወጣዋል። ለባለሀብቱ ትልቁ ብልጫ ሌላ ነው፤ ፎቅ ሆቴል እንግዳ ሲጠፋ የባንክ ወለድ ይቆጥራል፣ ድንኳን ግን ተጠቅልሎ መጋዘን ይገባል።

ይሁን እንጂ ሥራው ሁለት ፈተና አለበት። የመጀመሪያው ደኑ ነው። በእንጅባራና በፋግታ ለኮማ ዙሪያ ኮረብታውን ካለበሰው ዛፍ ብዙው ገበሬው የተከለው ዲከረንስ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል፤ ከሰል ሆኖም በጆንያ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጫናል። የተራቆተ መሬት ያለበሰ፣ ለገበሬውም ጥሬ ገንዘብ ያስገኘ ሥራ ነው። ሆኖም ዘንድሮ ድንኳን የተተከለበት ጥላ ለከርሞ ጆንያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ ዛፉን ጎድቶታል። ስለዚህ የድንኳን ሰፈር የሚያቋቁም ሰው፣ ዛፉ ሳይቆረጥ ገበሬው እንዲከፈለው መዋዋል ይኖርበታል። የሚፎካከረው ከሆቴል ጋር ሳይሆን ከከሰል ዋጋ ጋር ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ፈተና ሰላም ነው። በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ውጊያ ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። መንገድ ሲዘጋ በርበሬ መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል፤ ጎብኚ ግን አይጠብቅም፣ ገንዘቡን ይዞ ሌላ አገር ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ሂዱና ድንኳን ትከሉ» የሚል ደላላ ቢነሣ የሚሰማው አያገኝም።

ቢሆንም ቦታ ማጥናትና ከገበሬ ጋር መነጋገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ገበያው ከሞላ በኋላ የሚመጣ ደግሞ በውድ ይገዛል። ፍኖተ ሰላም በትርጉሙ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገዱ ስሙን የመሰለ ዕለት፣ ተጠቃሚ የሚሆነው እንግዳውን የሚያሳድርበት ሜዳ አስቀድሞ ያዘጋጀ ነው።