«ተንቀሳቃሽ» የመኪና ሊፍት ቤታችሁ ጋራዥ ልትተክሉ ነው? ከማሽኑ በፊት ወለሉን እዩ

አሜሪካ ካላችሁ ተከታታዮቻችን መካከል፣ በተለይ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲና ኡበር ከምትሠሩት፣ ዘይትና የፍሬን ሸራ በራሳችሁ የምትቀይሩ ብዙ ናችሁ። መኪናውን በክሪክ አንስቶ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ በጀርባ መተኛት የሰለቸው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ባለሁለት ምሰሶ ተንቀሳቃሽ ሊፍት ላይ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ ዛሬ እሱን እናስረዳለን።

«ተንቀሳቃሽ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከስሙ ነው። ተንቀሳቃሽ ሲባል «የትም አስቀምጦ መኪና ማንሳት ይቻላል» ብለው የሚያስቡ አሉ። አይቻልም። የሚንቀሳቀሰው ሥራ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ብሎኑን ትፈታላችሁ፣ ምሰሶዎቹን በጎማቸው ገፍታችሁ ግድግዳ ጋ ታቆማላችሁ፣ መኪናውም እንደ ድሮው ቦታው ላይ ያድራል። መኪና በሚነሳበት ሰዓት ግን ሁለቱም ምሰሶዎች ከወለሉ ጋር በብሎን መታሰር አለባቸው።

በትልልቅ ጋራዦች የምናያቸው ብዙዎቹ ሊፍቶች ሁለቱን ምሰሶ ከላይ የሚያያይዝ ብረት አላቸው። ይሄኛው የለውም። እያንዳንዱ ምሰሶ ለብቻው ነው የሚቆመው። ስለዚህ መኪናውን የሚይዘው ብረቱ ብቻ አይደለም፣ ወለሉም ጭምር ነው።

ክብደቱ የት ይሄዳል?

ምሳሌ እንውሰድ። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሲነሳ እያንዳንዱ ምሰሶ በግምት 1,000 ኪሎ ይሸከማል። ክብደቱ ያረፈው ግን ምሰሶው አናት ላይ ሳይሆን ወደ መኪናው ሥር በተዘረጉት ክንዶች ጫፍ ላይ ነው። ምሰሶው ወደ መኪናው መዘንበል ይፈልጋል፤ የኋላ ብሎኖቹ ደግሞ ወደ ላይ ይጎተታሉ፣ ልክ ሚስማር በመዶሻ ጭራ እንደሚነቀለው።

ክብደቱ ከምሰሶው መቀመጫ የፊት ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የኋላ ብሎኖቹ ደግሞ ከዚያው ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆኑ፣ ብሎኖቹን የሚነቅለው ኃይል የክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ወደ 2,000 ኪሎ ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፣ ነጥቡ ግን ያው ነው። ብሎኑን የያዘው ኮንክሪት ከተሰነጠቀ፣ ከሥር ያለውን ሰው የብረቱ ጥንካሬ አያድነውም።

የእናንተ ወለል ይችላል?

አምራቾች በብዛት የሚጠይቁት ቢያንስ 4 ኢንች ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥንካሬው 3,000 ፒ.ኤስ.አይ የሆነ ኮንክሪት ነው። አገር ቤት ኮንስትራክሽን ላይ ለሠራችሁ፣ ሲ-25 ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ኮንክሪቱ አዲስ የተሞላ ከሆነ 28 ቀን መቆየት አለበት። የእናንተ ሞዴል ማኑዋል ከዚህ በላይ ከጠየቀ ማኑዋሉን ተከተሉ።

ውፍረቱን በዓይን መገመት አይቻልም። የወለሉ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ከመሃሉ ይወፍራልና በበሩ በኩል ያለውን ጠርዝ አይቶ መተማመንም አይሠራም። ቀላሉ መንገድ፣ ምሰሶው የሚቆምበት አካባቢ በቀጭን ድሪል እስከ አፈሩ መብሳት፣ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብቶ የኮንክሪቱን የታች ጠርዝ መያዝና መለካት ነው።

የሚከተሉት ላይ ግን አትትከሉ፦

▪ አስፋልት፣ ኮብልስቶን ወይም ጡብ ላይ
▪ በተሰነጠቀ ቦታ ወይም በኮንክሪት መጋጠሚያ አጠገብ
▪ ከሥሩ ምድር ቤት ያለው ወለል ላይ
▪ የማሞቂያ ቱቦ የተቀበረበት ወለል ላይ
▪ ውስጡ የተወጠረ የብረት ገመድ ያለው ወለል ላይ። ይሄ በአንዳንድ የአሜሪካ ቤቶች አለ። ድሪል ገመዱን ከነካው ተበጥሶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጋራዡ ወለል ላይ ማስጠንቀቂያ ታትሞ ይገኛል፤ ፈልጉት።

ሴራሚክ ወይም ሊሾ ውፍረት ውስጥ አይቆጠርም። ጭነት የሚሸከመው ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ነው።

እንዴት ይተከላል?

በመጀመሪያ ጣሪያውን ለኩ። በብዙ የአሜሪካ ቤቶች የጋራዥ ጣሪያ 8 ጫማ ወይም 2.44 ሜትር ገደማ ነው። መኪናችሁ 1.45 ሜትር ቁመት ካለው የሚቀራችሁ 1 ሜትር አይሞላም። ክፍት ሲሆን ጣሪያ ሥር የሚንጠለጠለውን የጋራዥ በርም አትርሱ።

ቀጥሎ የምሰሶዎቹን ቦታ በማኑዋሉ ርቀት መሠረት ምልክት አድርጋችሁ በሃመር ድሪል ትበሳላችሁ። ቀዳዳው ቀጥ ያለና ማኑዋሉ ያዘዘው ጥልቀት ያለው ይሁን። አብዛኛው ሰው የሚዘለው የሚቀጥለውን ሥራ ነው፦ ከቀዳዳው ውስጥ አቧራውን በብሩሽና በቫኪዩም ሙልጭ አድርጎ ማውጣት። አቧራ ካለ ብሎኑን የሚይዘው ማሰሪያ ኮንክሪቱን ሳይሆን አቧራውን ነው የሚጨብጠው። ማሰሪያው እንደ ትልቅ የብረት ፊሸር ነው፤ ሲመታ ይከፈትና ቀዳዳውን ይወጥራል።

ምሰሶውን በውሃ ልክ አቁሙ። የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲፈስ ወደ በሩ ዘንበል ይላል፤ ልዩነቱ የሚስተካከለው ማኑዋሉ በፈቀደው መጠን በብረት ሉህ ነው፣ በእንጨት አይደለም። ብሎኖቹን ቶርክ ሬንች በሚባለው መለኪያ ባለው ቁልፍ አጥብቁ። ከጠበቀ በኋላም የሚሽከረከር ወይም ወደ ላይ የሚወጣ ብሎን ካለ ያ ቀዳዳ አልያዘም ማለት ነው። ምሰሶዎቹ ተፈትተው በታሰሩ ቁጥር ይህ ቼክ ይደገማል።

መኪናውን ስታነሱ

መጀመሪያ ክብደቱን እወቁ። 6,000 ፓውንድ የሚያነሳ ሊፍት 2,720 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፤ ኮሮላ በደንብ ይችላል፣ ትልቅ ላንድክሩዘር ግን ወሰኑን ይነካል ወይም ያልፋል። የክንዶቹን ጫፍ የመኪናው አምራች ባመለከተው የማንሻ ነጥብ ላይ ብቻ አሳርፉ፤ በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ሥር በፍጹም።

ጎማዎቹ ከመሬት ጥቂት ሲነሱ አቁሙና መኪናውን ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ፈትኑ። ከፍ ካለ በኋላ ሜካኒካል መቆለፊያው ላይ አሳርፉት። በሃይድሮሊክ ግፊት ብቻ ተንጠልጥሎ ሳለ ማንም ከሥር አይግባ። ሞተር ወይም ካምቢዮ ካወረዳችሁ ሚዛኑ እንደሚቀየርም አስታውሱ።

አገር ቤት ልትልኩ ያሰባችሁ

የአሜሪካው ሞተር በብዛት ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይቀይረውም። ከመላካችሁ በፊት ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የሚሆን ሞተር እንዳለው ጠይቁ። ግቢያችሁ ኮብልስቶን ወይም ቀጭን ሊሾ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለሊፍቱ ተብሎ ኮንክሪት መሞላት አለበት።

ወለሉ ካልቻለስ?

ተከራይ ከሆናችሁ ያለ አከራዩ ፈቃድ ወለል አትብሱ። ወለሉ ከቀጠነ ያንን ቦታ አስፈርሶ እንደገና ማስሞላት አለ። ካልሆነም በመኪናው ሥር ተዘርግተው በቀጥታ ወደ ላይ የሚያነሱና ብሎን የማይፈልጉ ዝቅተኛ ማንሻዎች ገበያ ላይ አሉ። ከፍታቸው ያነሰ ነው፤ ለዘይትና ለፍሬን ሥራ ግን ይበቃሉ።

ሊፍት ለመግዛት ብር እያጠራቀመ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። ከመክፈሉ በፊት ወለሉን ይለካ።