ልጅን በሽሮፕ ማስተኛት ይቅር!
ከነቀምቴ ተነስተው ባሕር ለሚሻገሩ እናቶች

ነቀምቴ ውስጥ «የእገሊት ቪዛ መጣ» ከተባለ ቤቱ ምክር በምክር ይሆናል፡፡ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፡፡ ባልየው ውጭ አገር ሆኖ ሚስትና ልጁን የጠራ እንደሆነማ ወሬው ሁሉ ስለ ሕፃኑ ነው፡፡ «ያን ሁሉ ሰዓት እንዴት ይቀመጥልሻል?» ትላለች አንዷ፡፡ ሌላዋ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይዞሽ እቴ፣ የጉንፋን ሽሮፕ አንድ ማንኪያ ስጪው፤ እስክትደርሺ አይነቃም» ትላለች፡፡ እኔ ይህችን ምክር ከሦስት ቤት ሰምቻታለሁ፡፡ አንዷ እናትማ ጠርሙሷን ገዝታ ከፓስፖርቷ ጋር ባንድ ቦርሳ ከታ ነበር፡፡ ልጁ ገና የዓመት ከስምንት ወር ነው፡፡ ለምን ብላት «ሰው ፊት እንዳያዋርደኝ ነዋ!» አለችኝ፡፡

እንግዲህ ስለዚህች ጠርሙስ በደንብ እናውራ፣ ሌላው ይደርሳል፡፡

እነዚህ ሽሮፖች ልጅ ለማስተኛት የተሠሩ አይደሉም፡፡ ለአለርጂ፣ ለጉንፋን ወይም ለማስታወክ የተሠሩ ሆነው ማደንዘዛቸው የጎንዮሽ ጠባያቸው ነው፡፡ ከመካከላቸው ፕሮሜታዚን የሚባለውን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጨርሶ እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል፡፡ ምክንያቱ ቀላል አይደለም፤ የሕፃኑን አተነፋፈስ አድክሞ ለሞት ሊያበቃው ይችላል፡፡ ሌሎቹም ቢሆኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀመሱ አይደሉም፡፡ ደግሞ አስቡት፤ የወጥ ቤት ማንኪያ ሁሉ እኩል አይደለም፣ አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ሆስፒታል የለም፡፡ የሚገርመው አንዳንዱ ልጅ ሽሮፑን ሲወስድ በመተኛት ፈንታ ጭራሽ ይቅበጠበጣል፤ ይህ በሕክምናም የታወቀ ነው፡፡ ያኔ እናት ምን ልትሆን ነው? ሁለተኛ ማንኪያ ልትጨምር?

ያቺን እናት ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድን፡፡ ባለሙያው ጠርሙሷን አገላብጦ አይቶ «ለዚህ ዕድሜ አይሆንም» አለና መለሰልን፡፡ እሷ ግን አሁንም ጭንቀቷ አልለቀቃትም፡፡ «እና ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ፡፡ ጥያቄዋ ተገቢ ነው፡፡

እኔ እንደሚመስለኝ ሁላችንም የምናስበው አውሮፕላኑን ብቻ ነው፡፡ የወለጋ ልጅ ጉዞ ግን ቦሌ ላይ አይጀምርም፡፡ ከነቀምቴ አዲስ አበባ በባኮ፣ በጌዶ፣ በአምቦ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጊምቢ ወይም ከደምቢዶሎ የሚነሳማ ከዚያም ይብስበታል፡፡ ብዙ ሰው ሌሊት ተነስቶ፣ ቀኑን ሙሉ በመኪና ተንገላቶ፣ ማታውኑ ቦሌ ይደርሳል፡፡ ልጁ መኪና ውስጥ ሲያንቀላፋ ውሎ አውሮፕላኑ ውስጥ ዓይኑ ይፈጣል፤ ካልተኛም ከልክ በላይ ደክሞ ይነጫነጫል፡፡ ልጅ ሲደክም ዝም ብሎ የሚተኛ ይመስለናል እንጂ ከልክ ያለፈ ድካም እንቅልፍን ያባርራል፡፡ ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ እደሩ፡፡ ዘመድ ቤት ቢሆን መልካም ነው፤ ካልሆነም ለፔንሲዮን የምትወጣው ብር ከምንም ወጪ ትበልጣለች፡፡

በመንገዱ ቀን ልጁ የለመደውን ይብላ፡፡ የተቀቀለ አንጮቴ ካለ እሰየው፡፡ ጭኮም ለአውሮፕላን ጥሩ ስንቅ ነው፤ ቶሎ አይበላሽም፣ ለስላሳም ነው፡፡ ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ለትንሽ ልጅ በየትም ቦታ አይሰጥ፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፡፡

በበረራው ቀን ከምሳ በኋላ ትንሽ ይተኛ፣ ነገር ግን ከ9 ሰዓት በፊት ቀስቅሱት፡፡ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ቶሮንቶ የሚሄደው አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ማታ ስለሆነ ይኼ ለእናንተ ዕድል ነው፡፡ ቦሌ መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ «ቁጭ በል!» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ ይሩጥ፣ ይሳብ፣ ሰው ይይ፡፡ ከተሳፈራችሁ በኋላ ቤት የለመደውን የመኝታ ሥርዓት እዚያው ድገሙለት፡፡ ፊቱን እጠቡት፣ የሌሊት ልብሱን አልብሱት፣ እሹሩሩውንም በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ የለመደውን ዝፈኑለት፡፡ አንድ ሳምንት የለበሳችሁትን ነጠላ ሳታጥቡ ያዙለት፡፡ የእናቱ ጠረን ካለበት ባዕዱ ወንበር ባዕድ አይመስለውም፡፡

አንቀልባ የያዘች እናት ብልህ ናት! ሰው ሲተኛ በመተላለፊያው አዝሎ ወዲያ ወዲህ ማለትን የሚያህል ማባበያ እኔ አላውቅም፡፡ ሲነሳና ሲያርፍ ግን ማዘል ክልክል ነው፤ አስተናጋጇ በምታሳያችሁ መንገድ ትይዙታላችሁ፡፡ ከግድግዳው ጋር የሚገጠመው የሕፃን አልጋ ለገና ጨቅላ ነው፤ የዓመት ከምናምን ልጅ ብዙ ጊዜ አይበቃውም፡፡ ሁለት ዓመት ከሞላው ደግሞ የራሱ ወንበር ግዴታ ነው፤ ትኬት ስትቆርጡ ይኼን አስቡ፡፡

አሁን ስለ ጆሮ፡፡ ሕፃናት በአውሮፕላን ከሚያለቅሱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኼ ነው፡፡ ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ድሪምላይነር ግን በውስጡ ያለው አየር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ተደርጎ ነው የሚያዘው፡፡ ማለትም የነቀምቴ ልጅ ከሰፈሩ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ያህል ነው! ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ጆሮው ብዙም ላይጨነቅ ይችላል፤ የሚያስቸግረው ባሕር ጠለል አጠገብ ወዳለ አገር ሲወርድ ነው፡፡ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት፣ ጡጦ ወይም ውኃ ስጡት፤ መዋጥ ጆሮን ይከፍታል፡፡ በመድኃኒት የደነዘዘ ልጅ ግን መዋጡ ይቀንሳል፤ እንግዲህ ሽሮፑ እዚህም ጠላት ነው፡፡ ልጁ ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ካለበት ነቀምቴ ሳላችሁ ሐኪም ይየው፡፡

ሰው ፊት ስለማፈር ግን አንድ ነገር ልበል፡፡ ልጅ ማልቀሱ ተፈጥሮ ነው፡፡ የኛ ሰው በሞላበት አውሮፕላን ውስጥ «አምጪው እስቲ እኔ ልያዘው» የሚል አይጠፋም፤ የሚገላምጥ ቢኖርም ደርሶ ይረሳዋል፡፡

ከደረሳችሁ በኋላ አባቱን በፎቶና በስልክ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ሲያየው ቢሸሽ አትደንግጡ፤ አባትየውም ዘሎ አይቀፈው፣ ቀስ ይበል፡፡ የዋሽንግተንና የቶሮንቶ ሰዓት ከኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፡፡ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁት፤ የቀን እንቅልፉን አሳጥሩ፡፡ አባትየው ሥራ ካለበት ግን ከወዲሁ ይነገረው፤ እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ነቀምቴ ጠዋት 3 ሰዓት ነውና ልጁ ተነስቶ ቁርሱን ይጠይቃል፡፡