ያውቁ ኖሯል? ሰዓት እላፊ ያስነጋው ጭፈራ

ዛሬ ቦሌ ውስጥ እስኪነጋ መጨፈር ምርጫዎ ነው። በደርግ ዘመን ግን አዲስ አበባ ውስጥ ምሽት ክለብ የገባ ሰው፣ ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ እዚያው ያነጋ እንደነበር ያውቃሉ? ባንዱም አብሮ ያነጋ ነበር።

በሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተው ዋልያስ ባንድ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ዲስኮ ዓለምን ባጥለቀለቀበት በ1977 እ.ኤ.አ. «ቼ በለው» የተሰኘ፣ በአብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም አወጣ። ግጥም የሌለው ዜማ ከሳንሱር ጋር ብዙም አያጋጭም። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንና የፈንክ ምት ከአገራችን ቅኝት ጋር እንዲህ አምሮ የተዋሐደበት ሥራ ጥቂት ነው።

በአልበሙ ውስጥ ያለውን የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት» ከጊዜ በኋላ የአሜሪካው የሙከራ ሮክ ባንድ ሴክሬት ቺፍስ ስሪ በመድረክ ተጫውቶታል። ዋልያስም በ1981 አሜሪካ ተጉዞ ሥራውን አቀረበ፤ ከአባላቱ ኃይሉንና ግርማን ጨምሮ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ። አልበሙን ገና ካላደመጡት በ«ሙዚቃዊ ስልት» ይጀምሩ፤ ድምፁንም ከፍ ያድርጉት።